ስለ ዳሀብ ባሕርና ስለ መንሳፈፊያ ሰደርያ አመራረጥ

ባሕርን ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰውና ወደ ውስጡ ጠልቆ የሚመለከት ሰው ያዩት ነገር አንድ አይደለም። ከዳር የቆመው የውኃውን ስፋትና የማዕበሉን ነጭ አረፋ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ የጠለቀው ግን ከዚያ በታች ሌላ አገር እንዳለ፥ ያም አገር ተራራና ሸለቆ፥ ደንና ሕዝብ እንዳለው ያውቃል። በዘመናችን ይህን የባሕር ውስጥ አገር መጎብኘት ለወታደርና ለመርከብ ጠጋኝ ብቻ የተተወ ሥራ መሆኑ ቀርቶ፥ ለዕረፍት ወደ ጠረፍ የሚወርድ ብዙ ቤተ ሰብ የሚመኘው ጉዳይ ሆኗል። ከእኛም ወገን በግብጽ፥ በዐረብ አገርና በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች ወደዚሁ ትምህርት ሲሳቡ ይታያል። ስለዚህ አባትና እናት፥ አጎትና አክስት ስለ ነገሩ ጥቂት ዕውቀት ቢኖራቸው የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

እኔም ባለፈው ጥር ወር ከእኅቴ ልጅ ጋራ ወደ ሲና ጠረፍ ወርጄ ሰባት ቀን በተቀመጥሁ ጊዜ በዐይኔ ያየሁትን፥ ከዐዋቂዎችም ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል ወደድሁ። ነገሬም ሁለት ነው፤ አንደኛው ስለ አገሩ፥ ሁለተኛው ጠላቂ ሁሉ ስለሚለብሰውና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ስለምለው ልብስ ነው። ይህን ልብስ ነጋዴዎቹና አስተማሪዎቹ «ቢሲዲ» እያሉ ይጠሩታል። የዓመታቱ ቍጥር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ዳሀብ በግብጽ ግዛት፥ በሲና ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከሻርም ኤል ሼክ የአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ሰሜን በአውቶሞቢል ቢሄዱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። መንገዱ ሣር በሌላቸው ቀያይ ተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ይሄድና በድንገት ሰማያዊው ባሕር ይገለጣል። ስሟ በዐረብኛ ወርቅ ማለት ነው። ቀድሞ ቤዱዊን የሚባሉት ዘላኖች ዓሣ የሚያጠምዱባትና ተምር የሚለቅሙባት መንደር ነበረች። ሲና በ1967 በእስራኤል እጅ ገብታ በ1982 ለግብጽ እስክትመለስ ድረስ ባለው ጊዜ እንግዶች ይመጡባት ጀመር፤ ዛሬም ከየአገሩ የሚመጣ ጠላቂ ይሰበሰብባታል። ማለዳ በጠረፉ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው በአንድ ወገን ከባሕሩ ማዶ ሐምራዊ ሆነው የሚታዩትን የሳዑዲ ዐረብ ተራሮች፥ በሌላው ወገን ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ እንደ ሸማ ተራ ልብስ ተደርድረው የተሰቀሉትን የጠላቂ ሰደርያዎች ያያል።

የባሕሩ ጠባይ ልዩ ነው። በዚያ ወገን ከምድር ወደ ባሕር የሚገባ ታላቅ ወንዝ የለም፤ ዝናሙም እጅግ ጥቂት ነው፤ ፀሐዩም ውኃውን ሁልጊዜ ያተንነዋል። ስለዚህ በሌላው ውቅያኖስ ከ1,000 እጅ 35 ያህል የሚሆነው ጨው በሰሜኑ ቀይ ባሕር 40 ያህል ይደርሳል። ጭቃ የሚያመጣ ጎርፍ ስለሌለ ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ሙቀቱም በክረምት ከ21 እስከ 22 ዲግሪ፥ በበጋ 28 ዲግሪ ይሆናል። ከጠረፉ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄዱ ኮራል የሚባለው ሕያው ድንጋይ እንደ ቅጥር ቆሞ ይገኛል። በዚያም ብርቱካን መልክ ያላቸው ትንንሽ ዓሦች እንደ ንብ መንጋ ሲተራመሱ፥ ክንፉ እንደ አንበሳ ጋማ የተበተነው መርዘኛ ዓሣ በዝግታ ሲንሳፈፍ ይታያል።

ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በአውቶሞቢል ጥቂት እንደ ሄዱ «ብሉ ሆል» ማለት ሰማያዊ ጕድጓድ የሚባለው ስመ ጥር ስፍራ አለ። ከጠረፉ ጥግ ክብ ሆኖ እንደ ጕድጓድ የወረደ፥ ጥልቀቱም ከ100 ሜትር የሚበልጥ ነው። ወደ ውጭው ባሕር የሚያሻግሩት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ በ6 ወይም በ7 ሜትር ጥልቀት የሚገኝ የኮርቻ መልክ ያለው መሻገሪያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከ50 ሜትር በታች የሚገኝ ታላቅ የድንጋይ ቅስት ነው። በመጀመሪያው በር ተማሪው ሁሉ በሰላም ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን የብዙ ሰው ነፍስ በልቷል። በአጠገቡ ባለው ገደል ላይ ሟቾቹን ለማሰብ ወላጆችና ወዳጆች የለጠፏቸው የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ይታያሉ። ስማቸው ከብዙ አገር ነው፤ የብዙዎቹም ዕድሜ ገና የወጣትነት ነበር።

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር በታች እንዳይወርድ፥ ጀማሪውም ከ18 ሜትር እንዳያልፍ አስተማሪዎች ሕግ አድርገዋል። ከዚያ ሲያልፍ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጅን እንደ ጠጅ አእምሮን ያሰክራል፤ በ50 ሜትር ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወጣው አየር ከላይ ከሚወጣው ስድስት እጅ ስለሚሆን ሲሊንደሩ ፈጥኖ ያልቃል። የሰደርያው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ወደ ታች የሚወርድ ሰው እየከበደ ስለሚሄድ፥ ሰደርያውን በጊዜው ካልነፋው መውረዱን ሳያስተውለው ይቀጥላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት በዚያ ስፍራ ተረት አይደለም።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በውኃ ውስጥ ያለ ማናቸውም ነገር በስፍራው ባፈናቀለው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ እንደሚገፋ የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት አስተምሯል። ሰው ከላስቲክ ልብሱ ጋራ ከዚያ ውኃ ይልቅ ቀላል ስለሚሆን ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ለመጥለቅ በወገቡ እርሳስ ይታጠቃል። ጨው የበዛበት ውኃ ደግሞ ይበልጥ ወደ ላይ ስለሚገፋ፥ በሐይቅ ለተማረ ሰው የበቃው እርሳስ በቀይ ባሕር አይበቃውም።

ነገር ግን እርሳሱ ብቻውን አይበቃም። የእንግሊዙ ሊቅ ሮበርት ቦይል በ1662 እንዳስረዳው አየር ግፊት ሲበዛበት መጠኑ ያንሳል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይ ካለው ሁለት እጥፍ ስለሚሆን አንድ ሊትር አየር ግማሽ ሊትር፥ በ20 ሜትር ሢሶ፥ በ30 ሜትር ሩብ ይሆናል። በላስቲኩ ልብስ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ፍሬዎችም እንዲሁ እየተጨመቁ ስለሚያንሱ፥ ላይ ሳለ የሚንሳፈፈው ሰው ታች እየከበደ ይሄዳል። ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሰደርያው ያለው አየር እየሰፋ ሰውየውን ወደ ላይ ያፈጥነዋል። ስለዚህ ሲወርዱ ጥቂት አየር መጨመር፥ ሲወጡ ጥቂት ማስወጣት ግድ ነው። ሰደርያውም የተሠራው ለዚሁ ሚዛን ነው።

ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ጠላቂ በጀርባው ከተሸከመው ሲሊንደር በፈለገው መጠን የሚተነፍስበትን መሣሪያ በሠሩ ጊዜ ሰደርያ አልነበረም። ጠላቂው እርሳሱን በጥንቃቄ መዝኖ የቀረውን በሳንባውና በእግሩ ኀይል ያስተካክል ነበር። በ1961 ሞሪስ ፌንዚ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በአንገት ተጠልቆ በደረት ላይ የሚውል፥ የራሱ ትንሽ የአየር ጠርሙስ ያለው ከረጢት በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ዛሬ የምናየው እንደ ልብስ የሚለበሰው ዐይነት ተስፋፋ።

ዛሬ በሱቅ የሚገኘው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የአየር ከረጢቱ በጀርባ፥ በጎንና በፊት ዙሪያውን የሆነ ሰደርያ ነው። ይህ በውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ፥ ኪሱም ብዙ ስለ ሆነ ጀማሪ ይወደዋል፤ ነገር ግን ሲነፋ ደረትንና ሆድን ያጨናንቃል። ሁለተኛው ከረጢቱ በጀርባ ብቻ የሆነ ነው። ይህ በጥልቁ እንደ ዓሣ አግድም ለመሄድ ያመቻል፤ ደረትንም ነጻ ያደርጋል። ነገር ግን በውኃ ላይ ሆኖ ከመጠን በላይ ቢነፉት ፊትን ወደ ውኃው ሊገፋ ይችላል። ሦስተኛው በጀርባ የሚውል ዝርግ ብረት፥ በእርሱም ላይ የሚታሰር የአየር ከረጢትና አንድ ወጥ ጠፍር ያለው ነው። ይህ ጠንካራና ለማንኛውም ቁመት የሚስተካከል ነው፤ ብረቱም ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ስለሚመዝን ከእርሳሱ ይቀንሳል። ሆኖም ኪስና ምቾት ለሚሻ ሰው አይስማማም።

ይህን ሁሉ የተማርሁት በሰላሙ ጊዜ ብቻ አይደለም። የእኅቴ ልጅ በካይሮ ትምህርቷን የምትከታተል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት፤ እናቷም በአደራ ለእኔ ሰጥታኛለች። በሁለተኛው የትምህርት ቀን ከአንድ የኪራይ ቤት የተሰጣትን ሰደርያ ለብሳ ከአስተማሪዋ ጋራ ወደ 9 ሜትር ያህል ወርዳ ሳለች፥ ጥቂት አየር ለመጨመር የመንፊያውን ቁልፍ ነካች። ቁልፉ ግን በደረቀ ጨው ተይዞ ስለ ነበር ተጭኖ ቀረ፤ አየሩም ሳያቋርጥ ይገባ ጀመር። እርስዋም ወደ ላይ ተነሣች። አስተማሪው በማንገቻዋ ያዛት፤ በአንድ እጁ በትከሻዋ ያለውን የአየር ማስወጫ ገመድ ስቦ፥ በሌላው እጁ ከሲሊንደር የሚመጣውን ቱቦ ነቀለው። በ4 ሜትር ገደማ ላይ ቆሙ። እርስዋም በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደ ተማረችው ትንፋሿን ሳትይዝ ስለ ቆየች ምንም ጕዳት አላገኛትም። ትንፋሽን ይዞ መውጣት በሳንባ ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ሳንባውን እንዲቀድድ ያደርጋልና፥ የጠላቂ የመጀመሪያ ሕጉ ይህ ነው።

እኔ በጠረፉ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አላየሁም፤ የሰማሁት ከወጡ በኋላ ነው። እኅቴን ምን ብዬ ልመልስላት ነበር የሚለው አሳብ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ ጧት፥

«ልጄ፥ ያየሽው ይበቃል፤ ወደ ካይሮ እንመለስ» አልኋት።

እርስዋም፥ «ጋሼ፥ የከዳኝ ባሕሩ አይደለም፤ ሰደርያው ነው። ፈረስ የጣለው ሰው ኮርቻውን ይመረምራል እንጂ መንገዱን አይተውም። እርስዎ ከፈቀዱልኝ የራሴን ገዝቼ እጨርሳለሁ» ብላ መለሰች።

ነገሩ እውነት መስሎ ስለ ታየኝ አስተማሪውን አስከትለን ወደ ሱቆቹ ሄድን። በዚያም ቀን የሰማሁትንና በዐይኔ የተረዳሁትን ለሚገዛ ሰው ይጠቅመው ዘንድ በተራ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ልክ ነው። ሰደርያውን የሚጠልቁበትን የላስቲክ ልብስ ለብሶ መለካት ይገባል፤ በሸሚዝ ላይ የተለካ በልብሱ ላይ ይጠባል። ከዚያ ዘለበቶቹን ሁሉ አስረው ሙሉ በሙሉ ይንፉት፤ በዚህም ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ ካልቻሉ ጠቧል። ደግሞ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ቢስበው እስከ ጆሮ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቷል፤ በባሕርም ላይ እንዲሁ ተነሥቶ አገጭን ይጨፍናል። ለሴቶች ተብሎ የተቈረጠ ዐይነት አለ፤ ማንገቻው ከደረት ወደ ውጭ የሚዞር፥ ጀርባውም አጠር ያለ ነው። ይህ ለጌጥ የተደረገ ሳይሆን ለአካል የሚስማማ ነውና መናቅ አይገባም።

ሁለተኛው የማንሳት ኀይሉ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ከረጢት ይበልጥ ያድናል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰደርያው ሊሸከም የሚገባው በሲሊንደሩ ያለውን አየር ክብደት፥ የላስቲኩም ልብስ በጥልቁ የሚያጣውን የመንሳፈፍ ኀይል፥ ከዚያም በላይ ራስን ከውኃው በላይ የሚያቆም ጥቂት ትርፍ ነው። የ12 ሊትር ሲሊንደር በሙሉ ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ልብሱም ጥቂት ኪሎ ያጣል። ስለዚህ በቀይ ባሕር በመሰለ ሞቃት ውኃ በአንድ ሲሊንደር ለሚጠልቅ ሰው ከ12 እስከ 15 ኪሎ የሚያነሣ ሰደርያ ይበቃዋል። ወፍራም ልብስ በሚለበስበት በቀዝቃዛ ባሕር ግን 18 ኪሎና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ከሚያስፈልገው የበዛ ከረጢት ውኃውን በሰፊው እየገፋ ያደክማል፤ አየሩም ከጥግ ወደ ጥግ እየሄደ ሚዛን ያሳጣል።

ስለ እርሳስም እንዲሁ ነው። እርሳስ የበዛበት ሰው ያንኑ ለመሸከም ሰደርያውን አብዝቶ ይነፋል፤ የበዛውም አየር ሲወጣ አብዝቶ ይሰፋል። ስለዚህ የሰደርያው ትልቅነት የእርሳሱን ስሕተት አያርመውም። መመዘኛውም ይህ ነው፤ በጠለቀ ስፍራ በውኃ ላይ ሆኖ፥ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ ሰደርያውን ባዶ አድርጎ በመጠኑ ተንፍሶ ዝም ቢል ውኃው እስከ ዐይኑ ሊደርስ ይገባል። ትንፋሹን ሲያስወጣም ቀስ ብሎ መስመጥ አለበት። ፈጥኖ የሚሰምጥ ከሆነ እርሳስ ይቀንስ።

ሦስተኛው የአየር መግቢያና መውጫው ነው። መንፊያው ቁልፍና ማስወጫው ቁልፍ በጨለማ በጣት ብቻ የሚለዩ፥ ተጭነው ሲለቀቁም ፈጥነው የሚመለሱ መሆን አለባቸው። በትከሻ አንድ፥ ከታች በወገብ አንድ የአየር ማስወጫ ገመድ ይኑረው፤ ምክንያቱም አየር ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ጥግ ይሄዳልና ራሱን ዘቅዝቆ ያለ ሰው በትከሻው ማስወጣት አይችልም። ከመጠን በላይ ሲነፋ ራሱ የሚከፈት ቫልቭም ሊኖረው ይገባል። ቱቦውን በጓንት እጅ እንኳ ፈጥኖ መንቀል የሚቻል መሆኑን እዚያው በሱቁ ውስጥ ይሞክሩ፤ ለልጃችን የመጣላት መዳን በዚህ ነበርና።

አራተኛው እርሳሱ በሰደርያው ኪስ የሚገባ ከሆነ አለቃቀቁ ነው። በጭንቅ ጊዜ አንድ ጊዜ ስበው የሚጥሉት፥ ነገር ግን ያለ አሳብ ራሱ የማይወድቅ መሆን አለበት። በ15 ሜትር ላይ እርሳሱ የወደቀበት ሰው እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ ይወጣልና።

አምስተኛው የሰደርያው የራሱ ክብደት ነው። ለሚጓዝ ሰው አንዱ ሰደርያ 2 ኪሎ ያህል ሲመዝን ሌላው ሁለት እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ የአውሮፕላን ሻንጣም በኪሎ ተወስኗል። ይሁን እንጂ ለቅለቱ ብለው ስስ ጨርቅ የመረጡ ሰዎች በኮራል ድንጋይ ቶሎ ሊቀደድባቸው ይችላል።

የሱቁ ባለቤት ለእኅቴ ልጅ ብዙ ኪስና ብዙ ቀለበት ያለው፥ ቀለሙም የሚያምር ሰደርያ አመጣላትና ሁሉ ያመሰግነው ጀመር። ሙሉ ሲነፋ ግን ደረቷን አጥብቆ ትንፋሿን አሳጠረው። አስተማሪው ምንም ሳይናገር ከግድግዳው ጥቁሩን፥ ከረጢቱ በጀርባ የሆነውን፥ ለሴት የተቈረጠውን፥ 12 ኪሎ ያህል የሚያነሣውን አውርዶ ሰጣት። እርስዋም ለብሳ ጐንበስ ቀና አለች፤ ዐይኗንም ጨፍና ቁልፎቹን በየተራ ፈለገቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ፥ «ጋሼ፥ ያኛው ያምራል፤ ይኸኛው ግን ያስተነፍሳል» አለችኝ። እኔም ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልሁ።

በኪራይ ለሚጠልቅ ሰውም ምክሩ አይቀርበትም። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚጠልቅ ሰው ባይገዛ ይሻለዋል፤ ነገር ግን የተሰጠውን ሳይመረምር አይልበስ። ሰደርያውን ቫልቩ እስኪከፈት ነፍቶ ጥቂት ጊዜ ያቆየው፤ ከላላ አየር ያፈሳል ማለት ነው። መንፊያውን ደጋግሞ ይጫነው፤ ቢንቀረፈፍ ወይም ሲለቁት ቢያፏጭ ሌላ ይጠይቅ። የማስወጫ ገመዶቹን ሁሉ ይሳባቸው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ደግሞ ይህ ሰደርያ በመርከብ ከሚሰጠው የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ጋራ አንድ አለመሆኑ ነው። ያኛው የደከመውን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይይዘዋል፤ ይህ ግን እንዲህ ለማድረግ አልተሠራም።

ሚዛኑን የጠበቀ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለባሕሩም በጎ ያደርጋል። በሲና ደቡብ ጫፍ ያለው ራስ ሙሐመድ በ1983 የግብጽ መንግሥት የመጀመሪያው የተከለለ ብሔራዊ ስፍራ ሆኗል። በዚያ ካሉት ኮራሎች በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚያድጉ አሉ፤ ሚዛኑን ያልጠበቀ ጠላቂ በአንድ የእግሩ ምት የብዙ ዓመት ዕድገት ይሰብራል። በዚያው ስፍራ በ1980 ዮላንዳ የምትባል የጭነት መርከብ ተጋጭታ፥ የጫነችው የመጸዳጃ ቤት ዕቃ በኮራሉ መካከል ተበትኖ ዛሬም ለጎብኚ ሳቅ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ቲስልጎርም የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ታርፋለች። ይህች መርከብ ለጦሩ አውቶሞቢልና ሞተር ቢስክሌት፥ ጠመንጃና የባቡር ሞተር ጭና ሳለች ጥቅምት 6 ቀን 1941 በጀርመን አውሮፕላን ተመታ 9 ሰው ሞቶባት በ30 ሜትር ጥልቀት ሰጠመች። ጠላቂ በውስጧ ሲገባ በሰደርያው ላይ የተንጠለጠለ ቱቦና መብራት ሁሉ ከብረት እንዳይጠላለፍበት አጥብቆ መያዝ አለበት። ብዙ ቀለበት ያለው ሰደርያ ያማረ የሚመስለው እዚያ እስኪገቡ ድረስ ነው።

ከውኃ ከወጡ በኋላ ያለው አጠባበቅ የመምረጡን ያህል ነው። ሰደርያውን በየቀኑ ከውጭም ከውስጥም በንጹሕ ውኃ ማጠብ፥ ውኃውን ዘቅዝቆ ማፍሰስ፥ ጥቂት ነፍቶ በጥላ መስቀል ይገባል። የደረቀ ጨው የቁልፉን ምንጭ ሲይዝ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ተነግሯል።

ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች ደግሞ አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። በጠላቂ ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ካልወጣ፥ አየሩ ወደ ሳሳበት ከፍታ በቶሎ መውጣት በደም ውስጥ አረፋ እንዲሆን ያደርገዋል። ከዳሀብ ተነሥተው የቅድስት ካታሪናን ገዳምና የሲናን ተራራ ሊሳለሙ የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ የተራራው ራስ 2,285 ሜትር ስለ ሆነ በጠለቁበት ቀን መውጣት አይገባም። በአውሮፕላን ለሚመለስም ደጋግሞ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት፥ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን መቈየት ነው። ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የሚያድር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ማስታወስ ይገባዋል። እኛም የመጨረሻውን ቀን በጠረፉ ሻይ ስንጠጣ ዋልን እንጂ ባሕር አልገባንም።

እንግዲህ የሰደርያውን ነገር ባጭሩ ብናስበው፥ የሚያድነው ዋጋው ወይም ቀለሙ ሳይሆን ከለባሹ አካልና ከሚጠልቅበት ባሕር ጋራ መስማማቱ ነው። በዝግታ፥ በአንድ ደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፍ ወደ ላይ የሚወጣ፥ በ5 ሜትርም ላይ ሦስት ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ የሚቆም ጠላቂ የመልካም ሰደርያና የመልካም ትምህርት ምስክር ነው። ልጆቻችን ወደ ባሕር እንሂድ ባሉን ጊዜ መከልከል ቀላል ነው፤ መፍቀድም ቀላል ነው። ከሁለቱ የሚሻለው ግን አብሮ ወደ ሱቁ ገብቶ፥ «ሙሉ ነፍተሽ ተንፍሺበት» ማለት ይመስለኛል።